በራስ ድምፅ መጻፍ፣ በራስ ስም መሸጥ

ብሎግ ልጀምር ነው ብሎ ምክር የጠየቀ ሰው ሁለት መልስ ይሰማል። አንደኛው «መጀመሪያ ፓሽንህን፣ ማለትም ከልብህ የምትወደውን ነገር፣ ፈልግ» የሚል ነው። ሁለተኛው ወዲያው ይከተላል፤ «ገበያ ያለው ርዕስ ምረጥ»። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አንዱ ወደ ውስጥህ እይ ይላል፣ ሌላው ወደ ውጭ። ብዙ ጎበዝ ሰው በዚህ መሀል ቆሞ ወራት ያሳልፋል። የብሎጉን ስም ይቀያይራል፣ ዲዛይኑን ይነካካል፣ ጽሑፍ ግን አይወጣም።

እኔ በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። የራሴን ብሎግ እጽፋለሁ፤ የምተዳደረው ደግሞ ለድርጅቶች የማርኬቲንግ ጽሑፍ በመጻፍ ነው። ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ስለማየው አንድ ነገር በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ለሥራው ያለን ፍቅርም ሆነ የራሳችን የምንለው ድምፅ ከመጻፋችን በፊት የሆነ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቀንም። እየጻፍን፣ ለሰው መልስ እየሰጠን፣ አንዳንዱን ገንዘብ አልቀበልም እያልን ነው የምንሠራው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክ እና ግሬግ ዋልተን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። አንዳንድ ሰው ፍላጎት አስቀድሞ ውስጣችን ስላለ ማግኘት ብቻ ነው የሚጠበቅብን ብሎ ያምናል። ሌላው ፍላጎት ቀስ በቀስ ያድጋል ብሎ ያምናል። ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎች ስለ ጠፈር ጥቁር ጉድጓዶች የሚያወራ ማራኪ ቪዲዮ አሳዩ። አብዛኛው ሰው ተማረከ። ቀጥለው በዚያው ርዕስ ላይ ከባድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ እንዲያነቡ ሰጧቸው። ፍላጎት ተፈልጎ የሚገኝ ነው ብለው የሚያምኑት ሰዎች ስሜት ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ወረደ። ነገሩ ሲከብዳቸው «ይሄ የእኔ አይደለም ማለት ነው» ብለው ደመደሙ።

ብሎግ ላይ በየጊዜው የማየው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች እንደዚያ ቪዲዮ ደስ ይላሉ። ለዓመታት በሆድ የቆየ ሐሳብ ይወጣል። ከዚያ ሐሳቡ ያልቃል፤ ማንበብ፣ መጠየቅ፣ መሞከር ይመጣል። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ «ፓሽኔ ይሄ አልነበረም» ብሎ ሌላ ብሎግ ይከፍታል። ያም ብሎግ እዚያው ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያ ሰው ተሰጥኦ የለውም ለማለት አልደፍርም። ከባዱ ክፍል ገና የሥራው መጀመሪያ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም፣ በቃ።

ብሎግ እና ገበያ እንዲህ የተቆራኙት ከመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጀስቲን ሆል የተባለ የኮሌጅ ተማሪ ስለ ራሱ ሕይወትና ስለሚያገኛቸው ሊንኮች በድረ ገጹ ላይ መጻፍ ሲጀምር የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። አማዞን ሰዎች በገጻቸው ላይ ሊንክ አስቀምጠው ከሽያጩ ኮሚሽን የሚያገኙበትን ፕሮግራም በ1996 ጀመረ። ብሎገር የተባለው አገልግሎት በ1999 ሲመጣ ኮድ የማይችል ሰው ሁሉ መጻፍ ቻለ። በ2003 ደግሞ ሁለት ነገር ተከታትሎ ሆነ። ግንቦት ወር ላይ ዎርድፕረስ የተባለው የብሎግ መጻፊያ ሶፍትዌር ወጣ፤ ሰኔ ላይ ጎግል በሰዎች ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያስቀመጠ ከገቢው የሚያካፍልበትን አድሴንስን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ነፃ በሆነ ሶፍትዌር ጽፎ፣ ማስታወቂያ ፈላጊ ድርጅት በር ሳያንኳኳ ገቢ ማግኘት ቻለ።

ይህ ትልቅ ነፃነት ነው። ደመወዝ ከፋይ አለቃ ሳይኖራቸው በጽሑፋቸው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ግን አብሮት ሌላ ነገር መጣ። ሰው የሚያውቀውን መጻፍ ትቶ የሚፈለገውን ብቻ መጻፍ ጀመረ።

እስኪ አንድ የምርት ሪቪው ክፈቱ። የጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ድምፁ «ጥርት ያለ» ነው። ባትሪው «ለረጅም ሰዓት» ይቆያል። ዋጋው «ተመጣጣኝ» ነው። ጉድለቱ ሲነገር «የቀለም ምርጫው አነስተኛ ነው» ይላል። ጸሐፊው ዕቃውን በእጁ ነክቶት እንደማያውቅ ያስታውቃል። የተጠቀመበት ሰው የሚለው ሌላ ነው። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጆሮ ጀርባ ያማል ይላል። ንፋስ ባለበት ስልክ ስታወሩበት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ቃላችሁን አይለይም ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በአምራቹ መግለጫ ላይ አይገኝም። በአሥር ሌሎች ገጾች ላይም አይገኝም።

ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል? አሠራሩን ከውስጥ ስለማውቀው ልንገራችሁ። ጸሐፊው መጀመሪያ ሰዎች ጎግል ላይ ምን ብለው እንደሚፈልጉ በኪወርድ መሣሪያ ያያል። ያንን ቃል ሲፈልግ ከላይ የሚመጡትን ገጾች ይከፍታል። ንዑስ ርዕሶቻቸውን ይሰበስባል። ከሁሉም ያልቀረ፣ ከሁሉም ትንሽ የረዘመ ጽሑፍ ይጽፋል። ነገ የሚመጣው ጸሐፊ ደግሞ የእሱን ጽሑፍ ከፍቶ እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ሰው ሳይዋሽ እውነቱ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ጸሐፊ በኋላ ጉዳዩን ዞር ብሎ ያየው ሰው የለማ።

ጎግል ይህንን ለመቆጣጠር ብዙ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ፓንዳ የሚባለውን ማስተካከያ ሲያወጣ ለፍለጋ ብቻ በገፍ የሚመረቱ ጽሑፎችን ወደ ታች አወረደ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ የገጽ ጥራት የሚገመግሙ ሰዎች በሚመሩበት ሰነድ ላይ አንድ መስፈርት ጨመረ፤ ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ የራሱ ልምድ አለው ወይ የሚል። ተጠይቆ ጽሑፍ የሚጽፈው ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተከፈተ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ከአሥር ገጾች አንድ ገጽ መጭመቅ አሁን ማሽን በሰከንዶች የሚሠራው ነገር ሆኗል። ይህ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼን አስደንግጧል። እኔ ግን በተወሰነ ደረጃ ዕረፍት ሆኖልኛል። በመኮረጅ የሚሠራው ሥራ ዋጋ ሲያጣ፣ ሰው ሆኖ ኖሮ ያወቀውን የሚጽፍ ሰው ቦታው ይበልጥ ይታያል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ብሎጌን ስጀምር ስለ አዳዲስ አፖች ነበር የምጽፈው። የትኛው ይሻላል፣ የትኛው ርካሽ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አመጣ። ጽሑፎቹ ጥሩ ነበሩ፤ አንባቢም ነበራቸው። ከአንባቢዎች የሚመጣልኝ ኢሜይል ግን ስለ ብልጫ አይጠይቅም። «ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ፤ የተባለው ቁልፍ እኔ ጋ አይታይም» የሚል ዓይነት ነው የሚበዛው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን አልረሳውም። ሰውየው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ አፕ እየጫነ ነበር። አፑ የመልሶ ማግኛ ኮድ ሰጠውና «ኮዱን ደህና ቦታ ያስቀምጡ» አለው። የእሱ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ደህና ቦታ የት ነው?»

ያነበብኳቸው መመሪያዎች ሁሉ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚያልፉት። ስልኩ ላይ ፎቶ አንስቶ ቢያስቀምጠው ስልኩ ሲጠፋ ኮዱም አብሮ ይጠፋል። ኢሜይሉ ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ኢሜይሉን የሚከፍተው የይለፍ ቃል ያለው እዚያው አፕ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ ሁለት ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አይሁኑ። ወረቀቱ ላይ የአፑም የኢሜይሉም ስም አይጻፍበት። ድንገት አንድ ነገር ቢደርስበት የሚያምነው አንድ ሰው ወረቀቱ የት እንዳለ ይወቅ። ኮዱን በጻፈ ዕለት ደግሞ ቁጥሩን አንድ በአንድ መልሶ ያመሳክር፤ ዜሮን ከኦ፣ አንድን ከኤል ማምታታት ቀላል ነው።

መልሱን ስጽፍለት መሸ። ጽፌ ስጨርስ ገና የምለው ነበረኝ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ሆነብኝ። አፖቹን ስወድ የቆየሁ ይመስለኝ ነበር። የምወደው ግን መመሪያው ጥሎት የሄደውን ሰው ነው። ተስፋ ሊቆርጥ አንድ እርምጃ የቀረውን ሰው። ይህንን ከመጻፌ በፊት ቁጭ ብዬ «ፓሽኔ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ይሄ መልስ በፍጹም አይመጣልኝም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ገበያ አላቸው ተብለው በሚደረደሩ ርዕሶች ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

ከዚያ ወዲህ ርዕሴ ሰፍቷል። ስለ ቅጾች እጽፋለሁ፣ ስለ ሶፍትዌር እጽፋለሁ፣ ድርጅቶች ለደንበኛ ስለሚልኩት ደብዳቤ እጽፋለሁ። አንባቢ አይደናገርም። ርዕሱ ቢለያይም የቆምኩበት ወገን አንድ ነው። ሰዎች «የራስህን ድምፅ አግኝ» ሲሉ የአጻጻፍ ስልት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ቀልድ መጨመር፣ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ የሚያስደነግጥ አርዕስት። እኔ ግን ድምፅ ማለት ለማን እንደምንወግን ነው እላለሁ። ያ ከታወቀ ስልቱ ራሱን ያስተካክላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የምንወደውን ነገር ለገንዘብ ስንሠራው ፍቅሩ ይጠፋል የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ሙከራ አደረጉ። አንዱን ቡድን «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሉት። ሁለተኛውን ምንም ሳይሉ፣ ሲጨርስ በድንገት ሸለሙት። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከቀናት በኋላ ልጆቹ በነፃ ጊዜያቸው ምን እንደሚያደርጉ ሲታይ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለእኔ ዋናው ሁለተኛው ቡድን ነው። እነዚያ ልጆችም ተሸልመዋል፤ ፍላጎታቸው ግን አልቀነሰም። ያስቸገረው የሽልማቱ ቃል ከሥዕሉ ቀድሞ መምጣቱ ነው። እኔም ብሎጌን የማስተዳድረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ጽሑፉን መጀመሪያ እጨርሳለሁ። ምን እንደምል፣ የቱን እንደምደግፍ ከወሰንኩ በኋላ ነው ኮሚሽን የሚያስገኝ ሊንክ አለ ወይ ብዬ የምፈልገው። ካለ አስገባለሁ፣ እንዳለም በግልጽ እጽፋለሁ። ከሌለ ጽሑፉ እንዲሁ ይወጣል። ለድርጅት ስጽፍ ሌላ ነው፤ ክፍያው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ግቡም የእነሱ ነው። ለዚያም ነው የራሴ የሆነ፣ ማንም ያላዘዘው ጽሑፍ ሁልጊዜ ጎን ለጎን እንዲኖር የምፈልገው።

መግለጹ ግዴታም ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ ብሎገሮችም ስለሚያስተዋውቁት ምርት ክፍያ ወይም ነፃ ዕቃ ካገኙ ማሳወቅ እንዳለባቸው አስቀመጠ። እኔ ግን ከመመሪያው አንድ እርምጃ አልፌ መሄድ እወዳለሁ። ዕቃውን ማን መግዛት እንደሌለበት እጽፋለሁ። «በወር አንዴ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ነፃው ይበቃችኋል» ብዬ ስጽፍ የተወሰነ ኮሚሽን እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ። ያንን ያነበበ ሰው ግን በሌላ ጊዜ «ይሄ ይጠቅማችኋል» ስል ያምነኛል። ማርኬቲንግ ሲባል ማታለል የሚመስላቸውን ሰዎች ይህንን ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ትክክለኛውን ዕቃ ከትክክለኛው ሰው ጋር ማገናኘት ክብር ያለው ሥራ ነው። ያልተገባውን ሰው መመለስም የዚያው ሥራ ክፍል ነው።

አንድ የይለፍ ቃል ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ያንን የመልሶ ማግኛ ኮድ ገጽ ስፖንሰር ላድርግ ብሎኝ ነበር። ክፍያው ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ወረቀት ላይ ጻፉ» የሚለው ምክር ምርታችንን ኋላ ቀር ያስመስላልና ይውጣ አሉ። አልተስማማሁም። ያ ምክር ከወጣ ገጹ ለምን እንደተጻፈ ራሱ ይጠፋል። ማን እንደሆንኩ ከየትኛውም «ስለ እኔ» ገጽ ይልቅ ያቺ «አልስማማም» ያልኩባት አጭር መልሴ የበለጠ ትናገራለች ብዬ አምናለሁ።

ራስን መሆን ሲባል አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙ የማርኬቲንግ አሠልጣኝ «ቁስልህን አሳይ፣ ሰው የሚከተልህ በዚያ ነው» ይላል። ሄዘር አርምስትሮንግ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2001 ብሎግ ጀመረች። በ2002 ስለ ሥራ ቦታዋ በጻፈችው ምክንያት ከሥራ ወጣች። በኋላ ብሎጓ መተዳደሪያዋ ሆነ። ከወሊድ በኋላ ስለገጠማት የመንፈስ ጭንቀት በግልጽ መጻፏ ብዙ እናቶችን ብቻችንን አይደለንም አሰኝቷል። ያንን ድፍረት አከብራለሁ። ግን ድፍረቱ የእሷ ምርጫ ነበር። ማንም በሥልጠና ሊያዝዘው አይገባም።

አሊስ ማርዊክ እና ዳና ቦይድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንተርኔት ላይ ስንጽፍ በየቦታው ለየብቻ የምናገኛቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊታችን እንደሚቆሙ አሳይተዋል። እናት፣ አለቃ፣ የቀድሞ ጓደኛ፣ የማናውቀው ሰው። ለእናቱ የሚያወራውን ለአለቃው የማያወራ ሰው አስመሳይ አይባልም። ይሉኝታም ማስመሰል አይደለም። እኔ ስለ ቤተሰቤ አልጽፍም። ስለ ጤናዬም አልጽፍም። አንባቢዎቼ ግን በደንብ ያውቁኛል። ምን እንደሚያናድደኝ፣ ምን እንደማልሸጥ፣ ካልገባኝ እንደምጠይቅ ያውቃሉ። ይህ በቂ መተዋወቅ ነው።

ስለ ቁጥር ብዙ አልልም። የእንግሊዙ የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ካነሱት ሐሳብ የተወለደ፣ በስማቸው የሚጠራ ሕግ አለ፤ መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል ይላል። ላይክና ክሊክም እንደዚያው ናቸው። እኔ የማየው ስንት ሰው መልሶ እንደጻፈልኝ ነው።

ኬቨን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጻፉት የአንድ ሺህ እውነተኛ ወዳጆች ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። አንድ ሺህ ሰው እያንዳንዱ በዓመት የ100 ዶላር ትርፍ ቢያስገኝላችሁ 100,000 ዶላር ይሆናል ነው ስሌቱ። ቁጥሩን ሁሉም ያስታውሳል። ከቁጥሩ ጋር ያለው ቅድመ ሁኔታ ግን ይዘለላል፤ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ያላችሁ ግንኙነት ቀጥታ መሆን አለበት። በመሀል ያለው ድርጅት ሐሳቡን በለወጠ ቁጥር ወዳጆቻችሁ ሊጠፉባችሁ አይገባም። የተለያዩ ብሎጎችን አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያስነብብ የነበረው ጎግል ሪደር ሐምሌ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ብዙ ብሎገር በዚያ በኩል ይመጡ የነበሩ አንባቢዎቹን አጥቷል። የኢሜይል ዝርዝር አሰልቺ ይመስላል። ግን ጸሐፊው ይዞት መሄድ የሚችለው ነገር ነው። ኢሜይል ለሰው ሲጻፍ ደግሞ ድምፃችን ይለወጣል፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት እንደቆመ ተናጋሪ መጮህ እናቆማለን።

ታዲያ ገና የሚጀምር ሰው ከየት ይነሣ? ስልካችሁን ክፈቱና ባለፈው ዓመት ለሰዎች የላካችኋቸውን ረጃጅም መልሶች ፈልጉ። አንድ መስመር ተጠይቃችሁ ሦስት አንቀጽ የመለሳችሁበትን። ተጨማሪ ሊንክ ፈልጋችሁ የላካችሁበትን፣ በማግስቱ «ሌላም ነገር ትዝ አለኝ» ብላችሁ የቀጠላችሁበትን። ማንም አልከፈላችሁም፣ ማንም አልቆጠረላችሁም። ከእነዚያ አንዱን አንሡ። የጠያቂውን ስምና የግል ጉዳይ አውጡበት። በደንብ የማታውቁትን ክፍል አጣርታችሁ ሙሉት። ጽሑፉ ሲያልቅ፣ የኪወርድ መሣሪያውን ያኔ ክፈቱት። ሰዎች ያንኑ ጥያቄ በምን ቃል እንደሚጠይቁት ያሳያችኋል፤ አርዕስቱን በእነሱ አነጋገር ጻፉትና አውጡት።